ጉማሬ ገባ

ሰርቨሩ የሚቀመጠው ኮሪደራችን ውስጥ፣ በጫማ መደርደሪያውና በግድግዳው መካከል ነበር። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ «ሊጣል ሲል ደረስኩበት» ብሎ ያመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ የጎን ክዳኑ ወልቋል፣ አንጀቱ ተዘርግፎ ይታያል፣ እንዳይግል ደግሞ የጠረጴዛ ማራገቢያ ተደግኖበታል። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ቀሚሷን ሰብስባ «ይሄ ነገር ግን አይተኛም?» ትላለች። አይተኛም ነበር። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስነሳ ያጉረመርማል፣ ስመለስም ያጉረመርማል። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከክፍላችን አንዷ አዲስ ብስክሌት ነበራት፣ አንዱ አጎቱ አውሮፕላን አብራሪ ነው፣ እኔ ደግሞ የሰርቨር ኃላፊ ነበርኩ።

ኃላፊነቱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። የሕንፃው ልጆች የምንጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ ባዶ ሜዳ ይሰጥሃል፤ ድንጋይ ትፈልጣለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ጨዋታው ውስጥ ሲመሽ ተኩላ ይመጣብሃል። ከሌሎች ጋር ለመጫወት ግን አንድ ኮምፒውተር ያን ሜዳ ተሸክሞ ሳይጠፋ መቆየት አለበት። ተሸካሚው የእኛ ነበር። እሱ ከጠፋ ሜዳም የለ፣ ቤትም የለ፣ ተኩላም የለ። ከሕንፃው ልጆች ቤት ሁሉ ሰማያዊ ገመድ በመስኮት እየወጣ፣ በጣሪያ እየዞረ ኮሪደራችን ይገባና መደርደሪያው ላይ ባለችው ትንሽ ማከፋፈያ ላይ ይሰካል። ለእያንዳንዱ ገመድ አንድ አረንጓዴ መብራት ትርገበገባለች። ገመዶቹን የዘረጋው አራተኛ ፎቅ ከእናቱ ጋር የሚኖር ጎረምሳ ነው፤ ሽቦ እንለዋለን፣ ለሥራውም ለቅጥነቱም የሚሆን ስም ነው። የእኔ ሥራ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን ስም መጻፍ፣ ለአዲስ ሰው መሬት መስጠት፣ የሚረብሸውን ማባረርና ጥቁሩን ስክሪን መጠበቅ ነው። ሰው ሲመጣ ስክሪኑ ላይ «ገባ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲሄድ «ወጣ»።

አባቴ መንገድ ቀያሽ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ስሙ ጉማሬ ነው፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሆዱን ሰጥቶ ሲተኛ ላየው ስሙ አያከራክርም። የኔን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ቁንጫ። «ትንሽ ናት፣ ግን እንቅልፍ አታስተኛም» ይለኛል። ሁለታችን ወንዙ ዳር ሰፊ መሬት ከልለን ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቤት እንሠራበታለን ተባብለናል፤ ሰባት ክፍል ያለው፣ ለእማዬም አንድ ያለባት፣ ባትጫወትም።

አንድ ቀን ሻንጣውንና ሦስት እግር ያለውን የመቀየሻ መሣሪያ ይዞ ወጣ። ብዙ ጊዜ ይወጣ ስለነበር ብርቅ አልሆነብኝም። የዚያን ቀን ግን እናቴ ከወጥ ቤት አልመጣችም፣ ውሃው ብቻ ሲንሿሿ ይሰማል። አባቴ በሩ ላይ ተንበርክኮ ጫማዬን ያስርልኝ ጀመር፤ ያልተፈታ ጫማ።

«ሥራው ረዘም ይላል» አለኝ። «ስልክም አይሠራም እዚያ።»

«ጨዋታውስ?»

አሰበ። ዛሬ ያቺን አፍታ ደጋግሜ አያታለሁ፤ ሰው ውሸት ሲፈልግ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ የተማርኩት ከዚያች ነው። «ለጨዋታውማ ገመድ እዘረጋለሁ» አለ። «አንቺ ብቻ ሰርቨሩን አታጥፊው፤ ከዚያ ሆኜ እገባለሁ። እናትሽን ደግሞ በጨዋታ ወሬ አታድክሚያት። እሺ?»

«እሺ።»

ጥቂት ቀናት ጠበቅኩ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራዬን ጫማ መደርደሪያው ላይ ዘርግቼ ስሠራ ስክሪኑ ላይ «ጉማሬ ገባ» የሚል ተጻፈ። እርሳሴን ወርውሬ ብድግ አልኩ። ስልክ የማይደርስበት አገር የእኔ ሰርቨር ደረሰ! ስልክን በለጥኩት! ለክፍል መምህሬም፣ ለጥበቃውም፣ ለዳቦ ሻጩም ነገርኩ። ጥበቃው ጢሙን እያሻሸ «ወይ ጉድ፣ ያን ያህል ሩቅ?» አለኝና ወደ ሌላ ቦታ አየ።

«ቦታው እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አቧራ ነው። ድንኳን ውስጥ ነን።»

«ጅብ አለ?»

«ይጮኻል።»

«አትፍራ፣ አባዬ።»

«አንቺ እያለሽ ምን እፈራለሁ።»

ጅቡን ሳስብ እንቅልፌ ሁሉ ጠፋ። አንድ ቀን በሕንፃችን መብራት ጠፍቶ ቆየ። ሲመጣ ሰርቨሩን አስነሥቼ አባቴ ሲገባ «ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶ ነው» አልኩት። «እኛም ጋ ጠፍቶ ነበር» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በአንድ ገመድ የተያያዝን ስለሆንን የእኛ ሲጠፋ የእነሱም ይጠፋል ብዬ ደመደምኩ፤ ነገሩ በአንድ በኩል ውሸት አልነበረም።

የሚገርመኝ የሌሎቹ ተጫዋቾች ነገር ነው። የጥርስ ሐኪሙ መንትዮች፣ አምስተኛ ፎቅ ያለችው ተማሪ፣ ራሱ ሽቦ፣ ሁሉም ወሬኞች ነበሩ፤ በጨዋታው ከሚፈልጡት ድንጋይ የሚጽፉት ወሬ ይበልጣል። ጉማሬ ሲገባ ግን ጸጥ ይላሉ። እኔ «አባቴ ነው! ከሥራ ቦታ ነው፣ ከሩቅ!» ስል አንዱ «ራት ደረሰ» ብሎ ይወጣል፣ አንዷ «ላጥና» ትላለች። ትልቅ ሰው ስለገባ ያፍራሉ ብዬ አስብ ነበር። እንዲያውም በልቤ ኮራሁባቸው፤ አባቴን የሚያከብሩት መሰለኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጉማሬ «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ። ኃላፊ ነኝና ኮስተር ብዬ «ምንድን ነው?» አልኩት።

«እዚህ ካምፑ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። የምትጫወተው ሰው የላትም። አስገቢያት።»

ድንኳን ውስጥ፣ አቧራ ላይ፣ ጅብ እየጮኸ ብቻዋን የተቀመጠች ልጅ ታየችኝ። «ስሟ ማን ይባል?» አልኩ።

«ጢንዚዛ።»

ስሙን ያወጣላት እሱ መሆኑን ያወቅኩት ወዲያው ነው፤ ከኔ ስም ጋር አንድ ቤት የወጣ ይመስላል። ትንሽ ቆጨኝ፣ ግን ጻፍኩት። ጢንዚዛ ገባች። መጫወት አታውቅም ነበር፤ ተኩላ ሲመጣ ባለችበት ትቆማለች። ድንጋይ አፈላለጥ አስተማርኳት። አጥር ሠራሁላት። መሬት ስትጠይቀኝ ሌላው ሁሉ ሩቅና ተኩላ የሚበዛበት ሆነብኝ፣ ስለዚህ ወንዙ ዳር፣ ለኛ ከከለልነው ቆርሼ ሰጠኋት። አባቴ «ተባረኪ፣ ልብሽ ሰፊ ነው» አለኝ። ያቺን ምርቃት ለስንት ጊዜ ይዣት ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ጉማሬ በገባ ቁጥር ጢንዚዛም ትገባለች፣ ጉማሬ ሲወጣ ትወጣለች። ድንጋይ የሚፈልጠው ለእሷ ነው። ግድግዳ አቆመላት፣ መስኮት አወጣላት። የኛን ቤት ሳነሳበት «ቆይ፣ ይቺን እንጨርስላት፣ እንግዳ ናት» ይለኛል። እኔም አግዛለሁ። ጣሪያውን ያለበስኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ መምጣት አበዛች። ወጥ ቤቱን ዘግተው ያወራሉ። በሩ ደግሞ አንገቱ የተጣመመ በር ነው፣ ገጥሞ አያውቅም።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ እያልኩሽ!» ትላለች አክስቴ።

«ተሳስተሽ ይሆናል። ሰው ይመሳሰላል።»

«ዳቦ ይዞ! ነጠላ ጫማ አድርጎ! ነጠላ ጫማ አድርጎ መንገድ የሚቀይስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ስልክ የማይሠራበት ሜዳ ነኝ ብሎኛል።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

ለአባቴ ተቆርቁሬ በሩን ገፋሁት። «እውነቱን ነው!» አልኩ። «ስልክ የለም፣ ግን በኔ በኩል ይገባል። ዛሬም ገብቶ ነበር።»

ሁለቱም አዩኝ። እናቴ ፀጉሬን ዳሰሰችው። «ጨዋታ ነው» አለቻት ለእህቷ። «በጨዋታው ውስጥ ጉማሬ የሚሉት አሻንጉሊት አለ፣ አባቷ ነው እያለች ታዋራዋለች።» አክስቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ተናደድኩ፤ አሻንጉሊት! ግን በጨዋታ ወሬ አታድክሚያት ተብያለሁና ዝም አልኩ። እናቴ ፈረንጅ የሚናገር አሻንጉሊት መሥራት ጀምሯል ብላ የምታምን ሴት ነበረች፤ ስክሪን ላይ የሚጽፈው ባሏ ነው ብላ እንዴት ትጠርጥር።

ነገሩ የፈነዳው በማራገቢያው ነው። አንድ ቅዳሜ ምሳ እንደበላን ማራገቢያው ቆመ፣ ኮሪደሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። እናቴ «ንቀዪው! ቤት ሊያቃጥል ነው!» እያለች ስትሮጥ እኔ ሰርቨሩን አቅፌ «አባዬ አለበት! አባዬ ውስጥ ነው!» ብዬ አለቀስኩ። ሽቦ ተጠራ። መቆንጠጫውን ይዞ ከተፍ አለ፣ የማራገቢያዋን ክር መሰል ቆሻሻ አወጣ፣ ዘይት ጠብ አደረገባት፣ ዞረች።

«አንተ» አለችው እናቴ፣ «ይሄ ዕቃ ልጄ እንደምትለው እስከዚያ ሩቅ አገር ድረስ የሚሄድ ከሆነ መጋሉ አይቀርም። አንድ ቀን ያቃጥለናል።»

ሽቦ ሥራው ሲነካ ልቡ ያብጣል። «ኧረ እትዬ!» ብሎ ሳቀ። «የት አባቱ ይሄዳል! ኢንተርኔት እኮ የለውም። እኔ የዘረጋሁት ገመድ ነው፣ ጫፉም እዚሁ ነው። ከሕንፃው ስንዝር አይወጣም፣ አይዞዎት።»

ከዚያ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ትልቅ ሰው የተናገረውን መልሶ ሊውጥ ሲሞክር ያየሁት ያኔ ነው።

እናቴ ወደኔ ዞረች። ድምጿ ለስላሳ ነበር። «የኔ ልጅ፣ አባትሽ አሁን ጨዋታው ውስጥ አለ?»

«አለ። ድንጋይ እየፈለጠ ነው።»

«አሁን? አሁን በዚህች ደቂቃ?»

«አዎ፣ ተመልከቺ!»

ተመለከተች። ከዚያ ለሽቦ «የሱ ገመድ የትኛው ነው?» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ...»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንተ አይደለህ የሰካኸው?»

እናቴ አልጠበቀችውም። ማከፋፈያዋን ከመደርደሪያው አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የመጀመሪያውን ገመድ ነቀለች። «ማን ወጣ? ንገሪኝ።»

ብልሽት የምትፈልግ መስሎኝ በደስታ ሥራዬን ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጻፈ። «መንትዮቹ ወጡ!» አልኩ። መልሳ ሰካችው። ሌላ ነቀለች። «አምስተኛ ፎቅ ያለችው ወጣች!» ሰካች። ነቀለች። «ማንም አልወጣም።» «እርግጠኛ ነሽ?» «እርግጠኛ ነኝ፣ እማዬ።» እናቴ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፣ ግን ምስር ለቅማ ታውቃለች፤ እንደዚያው አንድ በአንድ ነው የሄደችው። ከጥግ ያለውን ነቀለች። ጠበቅን።

«አባዬ ወጣ!» አልኩ። «ጢንዚዛም ወጣች! ሁለቱም አንድ ላይ!»

«ጢንዚዛ ማን ናት?»

«የሥራ ባልደረባው ልጅ። ካምፑ ውስጥ ያለችው።»

እናቴ ገመዱን በእጇ እንደያዘች ተነሣች። በመስኮት ወዴት እንደሚወጣ አየችና «ነይ» አለችኝ። ወደ አባዬ ልንሄድ ነው ብዬ የትምህርት ቤቱን ጫማ አውልቄ አዲሱን አደረግኩ። እጇን ይዤ በደረጃው ወደ ጣሪያ ወጣን፤ ሽቦ «እትዬ፣ እባክዎ፣ እትዬ» እያለ ከኋላ ይከተላል። ጣሪያው ላይ እናቴ ያን ሰማያዊ ገመድ ከሌሎቹ ለይታ በእጇ ያዘች፣ የተሰጣ አንሶላ እየገለጥን ተከተልነው። ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ታጥፎ በሕንፃው ሌላኛው ደረጃ ይወርዳል። ሕንፃችን ሁለት መግቢያ አለው፤ የእኛ ወደ ዋናው መንገድ፣ ያኛው ወደ ኋላ ጎዳና ነው። በዚያኛው የሚኖሩትን ብዙም አናውቃቸውም። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ የተደበቀው በዚህ ነው፤ ተደበቀ ከተባለ። ጥበቃው ያውቅ ነበር፣ ዳቦ ሻጩ ያውቅ ነበር፣ መንትዮቹ እንኳ ያውቁ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ገመዱ አንድ ቡናማ በር ላይ በተበሳች ቀዳዳ ይገባል። እናቴ ቆመች። ከውስጥ የልጅ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ! ቁንጫ አስወጣችኝ!»

ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ከሶፋ ላይ ሆኖ የሚያወራበት ሰነፍ ድምፁ፦ «ቆይ፣ ትመልስሻለች። እሷ እሺ ባይ ናት።»

እናቴ አንኳኳች። የከፈተችው የኋላ ጎዳናዋ ፋርማሲስት ነበረች፤ ሳል ሲይዘኝ ሽሮፕ የምትሰጠኝ፣ ጉንጬን የምትቆነጥጠኝ። ከኋላዋ አባቴ የሌሊት ልብሱን ለብሶ ቆሟል። ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አባዬ ሥራ ቦታ ታሞ መጥቶ ነው! ለዚያ ነው የሌሊት ልብስ፣ ለዚያ ነው መድኃኒት የምትሰጠዋ ሴት። ጢንዚዛንም ስላሳዘነችው ይዟት መጥቷል። ሮጬ ወገቡን አቀፍኩት።

«መቼ መጣህ?»

«አሁን» አለኝ። «አሁን መምጣቴ ነው።»

እጁን ጭንቅላቴ ላይ አላደረገም። እናቴ ገመዱን አልለቀቀችም ነበር። «ሥራው እንዴት ነው?» አለችው። ሴትየዋ «ግቡ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ሶፋው ላይ ከኔ የምታንስ፣ ፀጉሯ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ ልጅ ኮምፒውተር ታቅፋ ታየኛለች። ፈገግ አልኩላት። እሷም ፈገግ አለችልኝ።

ስንመለስ እናቴ ጣሪያው ላይ፣ ከአንሶላዎቹ መካከል ተቀመጠች። «አይዞሽ እማዬ» አልኳት፣ «ይድናል።» ያቀፈችኝ አስተቃቀፍ አጥንቴን አሳመመኝ፤ የምታለቅሰው ለሕመሙ መስሎኝ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በቅርቡ፣ ሽቦን የስልክ ጥገና ሱቁ ውስጥ አግኝቼ ይህንኑ ስናነሳ «እኛማ አንቺ የምታውቂ መስሎን ነበር» አለኝ። መላጣውን መታሁት፣ እየሳቅኩ። ግን ሳቄ ከአንገት በላይ ነበር።

ያን ቀን ቤት ስንደርስ እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ዘጋች። ሽቦ፣ ሌላ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ይመስለኛል፣ ገመዶቹን ሁሉ መልሶ ሰክቶ ሄደ። ፀሐይዋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበረች። ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ።

ጉማሬ ገባ።

«አባዬ፣ ተሻለህ?» ብዬ ጻፍኩ።

«እናትሽ አጠገብሽ አለች?»

«ወጥ ቤት ናት። ሕመሙ የት ነው?»

መልሱ መጣ፦ «ቁንጫዬ፣ እናትሽ ሰርቨሩን ዝጊ ብትልሽ እንዳትዘጊው። ልጅቷ ቤቷን አልጨረሰችም። እያለቀሰች ነው።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ለኔ የሚሆን ቃል የቀረ መስሎኝ ጠበቅኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ይንሿሿል። እናቴ ሳህን አልነበረም የምታጥበው፤ የምታለቅስበትን ድምፅ ነበር የምትሸፍነው። ይህን እንዴት እንዳወቅኩት አላውቅም፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አወቅኩት። ድንኳን የለም። ጅብ የለም። የታመመ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት «አባዬን ብርድ እንዳይመታው» እያልኩ የጸለይኩት ከግድግዳው ወዲያ ለተኛ ሰው ነው።

«እኔስ?» ብዬ ጻፍኩ።

ጉማሬ ድንጋዩን ቁጭ አደረገ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «እሷ ትንሽ ናት።»

እንደዚያ የተናደድኩበት ጊዜ ከዚያ በፊትም በኋላም የለም። ሰርቨሩን የሚዘጋውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ስክሪኑ «ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ይዘጋ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይዘጋ አልኩት። ማራገቢያው ብቻውን ሲዞር ቀረ፣ እሱንም ነቀልኩት።

በማግስቱ የሕንፃው ልጆች ደረጃው ላይ ከበቡኝ። ቤቴ፣ ግንቤ፣ ድልድዬ እያሉ ጮኹብኝ፤ ከመንትዮቹ አንዱ ቦርሳዬን ጎተተ። ለምን ዘጋሽው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።